ማጠንጠኛውን ለቆራሌ አትስጡት!

ቅዳሜ ከሰዓት በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ የስፖርት አፍቃሪውን ለማግኘት ብዙ መዞር አያስፈልግም። ዲኤስቲቪ ቤቱ ጢም ብሎ ይሞላል፣ አርሴናልና ማንቸስተር አግዳሚ ወንበሩን ለሁለት ይካፈሉታል፣ የኦፍሳይድ ክርክሩም ጨዋታው ካለቀ በኋላ መንገድ ድረስ ይዘልቃል። ስፖርት ማለት በቃ ይኼ ነው። ዘጠና ደቂቃ፣ ሁለት ጎል፣ አንድ ዳኛ። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ለብዙው ደጋፊ ወይ ጨዋታ ነው፣ ወይ ሥራ መፍታት ነው።

በዚሁ ደጋፊ ቤት ቆጥ ላይ ግን፣ ከአሮጌ ሬዲዮና ከተሰበረ ፋኖስ ጋር ተቀላቅሎ፣ አንድ ሌላ የስፖርት ዕቃ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ያመጣው ወይም ለሥራ የመጣ ፈረንጅ ሲመለስ ትቶት የሄደው፣ ፈረንጆቹ «ሪል» የሚሉት የመንጠቆ ክር ማጠንጠኛ ነው። እጀታው አይዞርም፣ ክሩ ተበጣጥሷል። ቆራሌው በሰፈር ሲያልፍ ከአሮጌ ጫማና ከተሰነጠቀ ጎድጓዳ ሳህን ጋር አብሮ ይሰጠዋል። ይህ ደግሞ ሞኝነት ነው። ምክንያቱም እንዲህ ካለው ዕቃ አብዛኛው አልሞተም፣ ተኝቷል እንጂ።

«ዓሣ ማጥመድ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ስፖርት የሆነው?» የሚል አይጠፋም። መልሱን ከኳስ ሰፈር ማምጣት ይቻላል። እ.ኤ.አ በ1966 ከእንግሊዝ ጋር የዓለም ዋንጫን ያነሳውና ኋላም ከ1986 እስከ 1996 የአየርላንድ ብሔራዊ ቡድንን ያሰለጠነው ጃክ ቻርልተን፣ እ.ኤ.አ በ2020 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ከኳስ ቀጥሎ የሚታወቀው በዘንግና በመንጠቆው ነበር፤ በቴሌቪዥን ሳይቀር ስለ ዓሣ ማጥመድ ፕሮግራም ሠርቷል። የመድፈኞቹ ደጋፊዎችማ ዴቪድ ሲማንን አይረሱትም። በ2002 የዓለም ዋንጫ የሮናልዲኒሆ ቅጣት ምት ከራሱ በላይ አልፎ መረብ ላይ ሲያርፍ ዞሮ የተመለከተው ያ ባለ ጭራ ፀጉር በረኛ፣ ጓንቱን ሲያወልቅ የሚሮጠው ወደ ሐይቅ ዳር ነበር። ለበረኛ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ዘንግ ለያዘ ሰው የሚያስፈልገው ትዕግሥት አንድ ዓይነት ነው። ሰማንያ ዘጠኝ ደቂቃ ምንም አይመጣም፣ በዘጠናኛው አንዲት ነገር ትመጣለች፣ እሷን ካመለጥክ አለቀ።

የሰዓት ወንድም

ማጠንጠኛውን ማዳን ይቻላል የሚባለው እንዲሁ በባዶ ሜዳ አይደለም። የዕቃው ዘር ማንዘር ሲቆጠር ደጋግሞ የሚገኘው የሰዓት ሠሪ ነው። በአሜሪካ በጥርስ ተባዝቶ የሚዞረውን ማጠንጠኛ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሠራው ጆርጅ ስናይደር የኬንታኪ ሰዓት ሠሪ ነበር። «አምባሳደር» በሚባለው እ.ኤ.አ በ1952 በወጣው ማጠንጠኛ ዓለም ያወቀው የስዊድኑ አቡ ኩባንያ፣ በ1921 ሲመሠረት ስሙም ሥራውም የሰዓት ፋብሪካ ነበር፤ የታክሲ ሒሳብ መቁጠሪያም ይሠራ ነበር። ከ1939 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ታዋቂው «ሚቼል» የተወለደባት የፈረንሳይዋ ክሉዝ ከተማም የሰዓት ሙያ የሠፈረባት ናት።

ከዚህ የወጣው አንዱ ደግሞ ለጎጃም እናቶች የቀረበ ነው። ክሩ ያለበት ጉንድ ሳይዞር ክሩን ብቻ የሚለቀውን ዓይነት ማጠንጠኛ እ.ኤ.አ በ1905 የፈጠራ መብት ያወጣበት አልፍሬድ ኢሊንግወርዝ የእንግሊዝ የሱፍ ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ሐሳቡን ያገኘው ከፋብሪካው የክር መጠቅለያ ነው። ከእንዝርት ጫፍ ክር ሲወርድ ወይም ከቀለም ላይ ድውር ሲፈታ ያየ ሰው የዚህን ዕቃ ግማሽ ያውቀዋል ማለት ነው።

ታዲያ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ በገበያ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑ ላይ መነጽር ሰክቶ የእጅ ሰዓት የሚከፍት ባለሙያ ይህን ዕቃ የማይከፍትበት ምን ምክንያት አለ? ሰዓት ውስጥ ያለው ጥርስ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነው። የማጠንጠኛው ጥርስ በአንጻሩ የሃያ አምስት ሳንቲም ያህላል። ወጣቱ ወስዶ «ጋሼ፣ ይቺን ይሞክሯታል?» ቢላቸው፣ «አምጣት እስቲ ልያት፣ ሰዓት ናት እንዴ?» ብለው ይስቁ ይሆናል። አንዴ ከከፈቷት ግን እጃቸው መንገዱን ያውቀዋል።

ለምን ቆመ?

አሮጌ ማጠንጠኛ እጀታው እምቢ ሲል ብዙ ሰው የሚያስበው ተሰብሯል ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የተሰበረ ነገር የለም። ውስጡ የነበረው ግራሶ ለዓመታት ሳይነካ ሲቀመጥ ደርቆ እንደ ሰም ይሆናል፤ አቧራው ደግሞ ላዩ ላይ ይጋገራል። የጎጃም ወንዝ ውኃ እንደ ባሕር ጨው የለበትም። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ያለ ዕቃ የሚበላው የጨው ዝገት እዚህ እምብዛም ነው። እዚህ ያለው ጠላት አቧራና የደረቀ ግራሶ ነው። ሁለቱም ይታጠባሉ።

ትልቁ ጥፋት የሚሠራው በዚህች ሰዓት ነው። አንዱ ጉልበተኛ ይነሳና እጀታውን በኃይል ይጠመዝዘዋል፣ የናሱ ጥርስ ይላጣል፣ ያኔ እውነትም ዕቃው ይሞታል። ያልተሟሟቀ ተጫዋች ሜዳ አስገብቶ ሩጥ ብሎ ጡንቻ እንደማስበጠስ ነው። እምቢ ያለ እጀታ አይታገሉትም፣ ይከፍቱታል።

አከፋፈቱም ሥርዓት አለው። ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል። ከመጀመሪያው ቡሎን ጀምሮ እያንዳንዱ እርምጃ በሞባይል ፎቶ ይነሳል። ካቻቢቴው ለቡሎኑ ልክ መሆን አለበት፤ ትንሽ ከሆነ የቡሎኑን ራስ ይበላውና ከዚያ በኋላ አይፈታም። የዛገ ቡሎን ዘይት ጠብ ተደርጎበት አንድ ሌሊት ያድራል። የወጡት ዕቃዎች በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቁ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደራሉ። ሞላዎቹ ሲወጡ መዝለል ይወዳሉ፤ እጅ ከላይ ካልሸፈናቸው ከአልጋ ሥር ነው የሚገኙት፣ ያውም ከተገኙ።

ከዚያ በኋላ የብረት ዕቃዎቹ በነጭ ጋዝ ውስጥ ይነከራሉ። ቤንዚን አይደለም። ቤንዚን እሳት ይጠራል፣ ፕላስቲኩንም ሊያበላሽ ይችላል። የቆዳና የጨርቅ ቀለበቶች ካሉ ከጋዙ ውጭ ይቀመጣሉ። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ የቀረውን ያወጣል። የናስ ጥርሱ አረንጓዴ ካበቀለ ሎሚ ወይም አቼቶ ትንሽ ይነካና ወዲያው በውኃ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። የአሉሚኒየሙን አካል ግን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፎ መተው ጉድጓድ መቆፈር ነው። ብርጭቆ ወረቀትም ጥርስ ላይ አይነካም፤ ዝገቱን ብቻ ሳይሆን ልኩንም ይወስደዋል።

ሲገጠም ግራሶው ለጥርሶቹ፣ ቀጭኑ የስፌት መኪና ዘይት ደግሞ ለኩሽኔታዎቹና ክሩ ለሚንሸራተትባት ትንሽ ጎማ ነው። አንድ ጠብታ ይበቃል። «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ የኑግ ዘይት የሚያንቆረቁር ሰው ከስድስት ወር በኋላ ማጠንጠኛውን እንደገና ተጣብቆ ያገኘዋል፣ የምግብ ዘይት አየር ሲያገኘው ይሙጫልና።

ፍሬኑ ነው ጨዋታው

ከዚህ ሁሉ ዕቃ የጨዋታ መሪው ፍሬኑ ነው። ዓሣው ሲጎትት ክሩን በልክ እየለቀቀ የሚያደክመው እሱ ነው። ፍሬኑ ከጠበቀ ክሩ ይበጠሳል፣ ከላላ ዓሣው ክሩን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ጥሩ የመሐል ተከላካይም እንደዚሁ ነው፤ አጥቂውን ከኋላ ገፍቶ ቅጣት ምት አያሰጥም፣ ለቆትም አይሄድም፣ ወደ ጥግ ያባርረዋል።

በአሮጌ ማጠንጠኛዎች ውስጥ ፍሬኑ ብዙ ጊዜ ክብ የቆዳ ቀለበቶች በብረት ሮንዴላ መሐል ተደርድረው የሚሠሩት ነው። ቆዳው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ፍሬኑ መያዝና መልቀቅ ትቶ መንጨት ይጀምራል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሳይሆን የጫማ ሰፊ ነው። የተቀደደች ኳስ ስንት ጊዜ ሰፍቶ ለልጆች የመለሰ ጫማ ሰፊ፣ አሮጌውን ቀለበት እንደ ልክ አስቀምጦ ከቀጭን ቆዳ አዲስ መቁረጥ አያቅተውም። ዋናው ውፍረቱ እኩል መሆኑ ነው።

ክሩ ግን አይታዘንለትም። ናይለን በፀሐይና በዕድሜ ይደክማል። ዓይን ሲያየው ደህና ይመስላል፣ ሲጎተት ይበጠሳል። አሮጌው ሁሉ ተፈትቶ ይጣላል። ያውም ወንዝ ዳር ሳይሆን ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ፣ ምክንያቱም የወፍና የከብት እግር ያስራል። አዲሱ ሲጠቀለል ክሩ በእርጥብ ጨርቅ ተይዞ ጠበቅ ብሎ መግባት አለበት። ልል የተጠቀለለ ክር በመጀመሪያው ውርወራ ወፍ ጎጆ ይሠራል።

የመጨረሻው ፈተና ሃይላንድ ነው። አንድ ሊትር ውኃ የተሞላ ሃይላንድ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አራት ኪሎ የሚችል ክር ከሆነ ፍሬኑ መልቀቅ ያለበት ከሩብ እስከ ሲሶው ነው፣ ማለትም ከአንድ ኪሎ ጀምሮ። ሃይላንዱ በክሩ ተንጠልጥሎ ፍሬኑ ቀስ ብሎ ሲላላ፣ ጠርሙሱ ሳይንጨረጨር ቀስ እያለ መውረድ ከጀመረ ፍሬኑ ድኗል። ከዚያ ትንሽ ብቻ ይጠብቃል። እየተንጠራወዘ ከወረደ ግን ቆዳው እንደገና ይታያል።

ሁሉም ይድናል ማለትም ውሸት ነው። ዋናው ጥርስ የተላጠ ወይም አካሉ የተሰነጠቀ ማጠንጠኛ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ዋጋ የለውም። ሞላው ብቻ ከሆነ የተሰበረው ግን ሌላ የሞላ ብረት ተቆርጦ ሊታጠፍ ይችላል፤ የአጥር ሽቦ ግን አይሆንም፣ ታጥፎ ይቀራል እንጂ አይመለስም። ሁለት የሞቱ አንድ ዓይነት ማጠንጠኛዎች ካሉም ከሁለቱ አንድ ጤነኛ ይወጣል። መካኒኮች ለአሮጌ መኪና ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ነው።

ከብርብራ ይሻላል

«እሺ ተጠገነ እንበል፣ ከዚያስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ወንዙ ላይ ነው። ምዕራብ ጎጃም የውኃ ድሀ አይደለም። ፍኖተ ሰላም አጠገብ ላህ አለ፣ ብር አለ፤ ደምበጫ ላይ ተምጫ፣ ቡሬ ላይ ፈጠም አሉ፤ ውኃቸው መጨረሻው ዓባይ ነው። ግልገል ዓባይ ደግሞ ወደ ጣና ይገባል። በነዚህ ወንዞች ዳር ያደገ ልጅ ዓሣ የሚያውቀው በመንጠቆ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ በብዙ ቦታ ዓሣ ማደንዘዣ ሆኖ የኖረ አንድ ዛፍ አለ፤ ብርብራ። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲነሰነስ ዓሣው ትንፋሽ አጥሮት ወደ ላይ ይወጣል። ትልቁም ይወጣል፣ የጣት ያህሉም ይወጣል። ሰውየው ትልቁን ለቅሞ ይሄዳል። ትንሹ፣ የከርሞው ዓሣ፣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይቀራል።

ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ጣና ምስክር ነው። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ወደ 15 የሚሆኑ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ያሉት ጣና ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ከገባ በኋላ የሆነውን ተመራማሪዎች በመለኪያ አይተውታል። በ1991 እና በ2001 መካከል ባሉት አስር ዓመታት የነዚህ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ አሽቆልቁሏል። ከምክንያቶቹ ዋነኛው፣ በክረምት እንቁላል ሊጥሉ ወደ ገባር ወንዞች የሚወጡትን ዓሦች በወንዝ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ መጠበቁ ነው። ገና ካልሲ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች ሁሉ ሰብስቦ ከሸጠ በኋላ ዋናው ቡድን ለምን ተጫዋች አጣ ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

መንጠቆና ማጠንጠኛ ከዚህ ይለያል። አንድ ጊዜ አንድ ዓሣ ነው። የሚያጠምደው ሰው ያያታል፣ ይመዝናታል፣ ትንሽ ከሆነች እጁን አርጥቦ መንጠቆውን ነቅሎ ይመልሳታል። እንቁላል በሚጣልበት የክረምት ወራት ደግሞ ዘንጉን ሰቅሎ ቤቱ ይቀመጣል። መረብና ብርብራ ይህን ምርጫ አይሰጡም። የዓሣ ገበያው በጾም ወራት ሲደራ፣ «ይበላል፣ አይበላም» የሚለው ክርክር ለአባቶች ይቆይና፣ ወንዙ ግን ከርሞም ዓሣ እንዲኖረው ማሰብ የሁሉም ድርሻ ነው። አገሪቱ በ1995 ዓ.ም. ያወጣችው የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 ዓሣ ማስገርን በፈቃድ የሚመራ ነውና፣ ዘንግ ይዞ ከመውጣት በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅም የጨዋታው ሕግ ነው።

እርግጥ ነው፣ «አሁን በዚህ ጊዜ ማን ወንዝ ይወርዳል?» የሚል ድምፅ ከፍኖተ ሰላምም ከቡሬም ይሰማል። እውነት አለው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ብዙ መንገድ ዘግቷል፣ ብዙ ቤት አስለቅሷል። ሕይወቱን ለአደጋ ሰጥቶ ዓሣ አጥምድ ብሎ የሚመክር ሰው የለም። ማጠንጠኛ መጠገን ግን ከቤት መውጣት አይጠይቅም። አንድ ነጭ ጨርቅ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ ትንሽ ጋዝና አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የሚፈልገው። እንዲያውም ወጣቱ እጁን አጣጥፎ በሚቀመጥበት ጊዜ እጅ የሚፈታ ሥራ መድኃኒት ነው። ወንዙ የትም አይሄድም፣ ሰላም ሲመጣ ይጠብቃል። ያኔ ዕቃው ዝግጁ ሆኖ ቢገኝስ?

ከስፖርቱ ሰፈር ምን ይጠበቃል?

የከተማ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች «ስፖርት ለሁሉም» ሲሉ ይደመጣሉ። ሥራው ላይ ሲመጣ ግን ለሁሉም የሚባለው ኳስ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ኳስ ይብዛ እንጂ አይነስ። ነገር ግን ሜዳ ላይ ለመሮጥ እግሩ ያልሆነለት፣ ዕድሜው የገፋ፣ ወይም ጩኸት የማይወድ ሰውም ስፖርት ይገባዋል። ለሱ ደግሞ አዲስ ስታዲየም አይሠራም። ወንዝ አለ፣ ዘንግ ከሸምበቆ ይቆረጣል፣ የጎደለው ማጠንጠኛው ነው፤ እሱም ቆጥ ላይ አለ።

የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ተማሪም የሚማርበት ዕቃ ቸግሮታል። አንድ አሮጌ ማጠንጠኛ ውስጥ ማርሽ አለ፣ ሞላ አለ፣ ኩሽኔታ አለ፣ ፍሬን አለ። የመኪናው ሁሉ ነገር በመዳፍ ውስጥ ተቀምጦ ማለት ነው። ከፍቶ፣ አጥቦ፣ ገጥሞ ያዞረ ተማሪ፣ ነገ ሞተር ሲከፍት እጁ አይንቀጠቀጥም። ውጭ አገር ያሉ ወገኖችም ለበዓል ሲመጡ ከሚያሸክሙት ማሊያ ጎን ሁለት ጥቅል ክር ቢጨምሩ ሻንጣ አያከብድባቸውም።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያስፈልገው አስተያየት መቀየር ነው። የከተማው ሰው «አሮጌ» የሚለውን ቃል «የማይረባ» ከሚለው ጋር ማጣመር ለምዷል። የጎጃም ገበሬ ግን ይህን አያደርግም። ማረሻው ሲደንዝ ወደ አንጥረኛ ይወስደዋል፣ ሞፈሩ ሲነቃ ያስረዋል። አሮጌ በረኛም እንዲሁ ነው። ሲማን በአርባኛ ዓመቱ ገደማ በአርሴናል ማሊያ ግብ ላይ ቆሞ ነበር፣ «ደርቋል፣ ጣሉት» ያለው አልነበረም። በልኩ ተይዞ፣ በልኩ ተቀብቶ፣ ሠርቷል።

እንግዲህ ቆራሌው ነገ በሰፈር «ቆራሌው!» እያለ ሲያልፍ፣ የተቀደደውን ጎማ ይውሰድ፣ የተበሳውን ድስት ይውሰድ። ያቺን ማጠንጠኛ ግን ከመስጠት በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ቡሎኗን መፍታት ይበጃል። ክርር… ብላ ከዞረች፣ የሰፈሩ ስፖርት በአንድ ጨምሯል ማለት ነው።